መድኃኒትህን ውሰድ

(ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በአንድ የሰፈር ወጣቶች የንባብ ክበብ ከቀረበ ንግግር የተጻፈ)

እንደምን ዋላችሁ። እናቶችና አባቶችም ከልጆቻችሁ ጋር ስለመጣችሁ በጣም ደስ ብሎኛል። ብዙውን ጊዜ እዚህ የምንሰበሰበው እኛው በእኛው ነን። ዛሬ ወላጅም ይምጣ ያልነው ሆን ብለን ነው።

ከአንድ የጂንስ ሱሪ ልጀምር።

ሱሪው የታናሽ ወንድሜ ነው። ታሪኩን የምናገረው እሱ ፈቅዶልኝ ነው። ቅዳሜ ጠዋት ነበር። እናቴ ግቢ ውስጥ ሳፋ ዘርግታ ልብስ ታጥባለች። ሱሪውን ውኃ ውስጥ ከመንከሯ በፊት እንደ ልማዷ ኪሱን ፈተሸች። የታክሲ ዝርዝር ብር አገኘች። ከብሩ ጋር ጀርባው ብርማ የሆነ የክኒን ማሸጊያ አብሮ ወጣ። አሥር ክኒን የሚይዝ ነው። ስድስቱ ተወስዷል፣ አራቱ ቀርቷል።

እናቴ ማንበብ አትችልም። ክኒን ግን ታውቃለች። የደም ግፊት መድኃኒት ትወስዳለች። "ይሄ ልጅ ራሱን እያመመው ሳይነግረኝ ቀርቶ ነው" ብላ አሰበች። የእጇን አረፋ በቀሚሷ ጠርጋ ማሸጊያውን ቡፌው ላይ፣ ከስኒዎቹ አጠገብ አስቀመጠችው። ማታ ሲገባ "መድኃኒትህን ረስተህ ሄደህ ነበር፣ ውሰድ እንጂ ልጄ" አለችው። ወሰደ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጠዋት ጠዋት ሲወጣ ከበር ላይ ትጠራዋለች። "መድኃኒትህን ይዘሃል?" ትለዋለች። እሱም "ይዣለሁ እማዬ" ይላታል። ይሄ ለሦስት ወር ያህል ቀጠለ።

ክኒኑ ትራማዶል ነው። ሐኪም ቀዶ ጥገና ለተደረገለት ወይም ከባድ ሕመም ላለበት ሰው የሚያዝዘው ማስታገሻ ነው። ዘመዶቹ ሞርፊንና ሄሮይን ናቸው።

እኔስ የት ነበርኩ? እዚያው ቤት ነበርኩ። መምህር ነኝ። ይባስ ብሎ በዚያን ጊዜ የምሠራበት ትምህርት ቤት የፀረ አደንዛዥ ዕፅ ክበብ ተጠሪ ነበርኩ። በየዓመቱ ሰኔ 19 ዓለም አቀፉ የፀረ አደንዛዥ ዕፅ ቀን ሲደርስ፣ ቀኑ ካለፈን ደግሞ ትምህርት ከመዘጋቱ በፊት፣ ጠዋት ሰልፍ ላይ በሚኒ ሚዲያው ጽሑፍ እናስነብብ ነበር። ግድግዳ ላይ የራስ ቅል እንለጥፍ ነበር። መርፌ፣ ጥርሱ የረገፈ ሰው፣ ድልድይ ስር የተኛ ሰው። ያንን ሁሉ ስለጥፍ ቤቴ ያለው ልጅ ሸሚዙን ተኩሶ፣ ጸጉሩን ተቆርጦ፣ ቁርሱን በልቶ ነበር የሚወጣው። ፖስተሩ ላይ ያለውን ሰው አይመስልም። እሱም ራሱን ከፖስተሩ ጋር አስተያይቶ "እኔማ ደህና ነኝ" ይል እንደነበር ኋላ ነግሮኛል።

ነገሩ ከተገለጠ በኋላ ነው ማንበብ የጀመርኩት። ምን ላድርግ ብዬ ሰው ሁሉ ጠየቅኩ። አንዱ ጸበል አለኝ፣ አንዱ ፖሊስ አለኝ፣ አንዱ አጋቡት አለኝ። ወንድሜ ውስጥ ምን እየሆነ እንደሆነ የሚነግረኝ ግን አጣሁ። ስለዚህ ራሳቸው ያለፉበት ሰዎች የጻፉትን ፈልጌ ማንበብ ያዝኩ። ዛሬ የማወራችሁ ስለ እነዚያ መጻሕፍት ነው። አብዛኞቹን ያገኘሁት በእንግሊዝኛ ነው። የምጠራቸው ዓመተ ምሕረቶች የፈረንጆቹ ናቸው።

መጀመሪያ እጄ የገባው እ.ኤ.አ. በ1971 አሜሪካ የታተመ የአንዲት ልጃገረድ የዕለት ማስታወሻ ነው። "ጎ አስክ አሊስ" ይባላል። ሽፋኑ ላይ የደራሲ ስም የለም። አንዲት የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ግብዣ ላይ ሳታውቅ ለስላሳ መጠጥ ውስጥ ኤልኤስዲ የሚባል አእምሮ የሚያቃዥ ዕፅ ይጨመርባታል። ከዚያ ቁልቁል ነው። መጨረሻው ላይ እንደሞተች ይነገረናል። አለቀስኩ። ወንድሜም እንዲያነበው ሰጠሁት።

ኋላ እንደተረዳሁት ማስታወሻው የእውነተኛ ልጅ ማስታወሻ ተደርጎ ይሸጥ እንጂ የጻፈችው ቢያትሪስ ስፓርክስ የምትባል ትልቅ ሴት ናት። ወጣቶችን ለማስጠንቀቅ ብላ የጻፈችው ነው። ሚሊዮኖች እውነት ነው ብለው አንብበውታል። ሐሳቧን አልጠላሁትም፣ እኔም የራስ ቅል ስለጥፍ ሐሳቤ ያው ነበር። ግን ወንድሜ መጽሐፉን ሲመልስልኝ ያለውን ስሙ።

"አንዴ ቀምሳ ወዲያው ጠፋች ይላል። እኔ የመጀመሪያ ቀን ምንም አልሆንኩም። ጥሩ እንቅልፍ ተኛሁ። በማግስቱ ደህና ነበርኩ። እና ይሄን ያነበበ ልጅ ቀምሶ በማግስቱ ደህና ሆኖ ሲነሳ፣ የቀረውንም ውሸት ነው ይላል።"

እኔ በስንት ዓመት የክበብ ሥራ ያላሰብኩትን ነው በአንድ ንባብ የነገረኝ። አብዛኛው ልጅ በመጀመሪያው ቀን አይወድቅም። እንዲያውም ደስ ይለዋል። ይሄንን የሚደብቅ መጽሐፍ ሁለተኛው ቀን ላይ የሚያምነው አንባቢ አያገኝም።

የወንድሜ የመጀመሪያ ቀን እንዴት እንደነበረ ልንገራችሁ፣ ምክንያቱም ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። ለአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ሲያጠኑ ጫት ይዘው ተቀመጡ። "ያነቃል" ተብሏል፣ እውነትም ያነቃል። ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን የሚባለው ንጥረ ነገር አምፌታሚን ከሚባለው አነቃቂ ዕፅ ጋር ይቀራረባል። ቅጠሉ ከተቆረጠ በሁለት ቀን ገደማ ኃይሉ ስለሚወርድ ነው የጫት መኪና እንደዚያ የሚበረው። ልጆቹ ከምሽቱ እስከ ሌሊቱ ስምንት ሰዓት አጠኑ። ከዚያ እንቅልፍ እምቢ አለ። ልብ ይመታል፣ ዓይን ይፈጥጣል፣ ጠዋት ደግሞ ክፍል አለ። አንዱ ጓደኛቸው "ይቺ ታስተኛሃለች" ብሎ አንድ ክኒን ሰጠው። ማንም ሊያጠፋው አላሰበም። ያ ጓደኛው ወንድሜን የሚወድ፣ ቤታችን ገብቶ እንጀራ የሚበላ ልጅ ነው።

ሁለተኛው መጽሐፍ የበርሊኗ ነው። እዚህ ላይ ትንሽ ታገሱኝ፣ ለኔ ከሁሉም የሚበልጠው እሱ ነው።

በ1978 ሁለት ጀርመናዊ ጋዜጠኞች፣ ካይ ሄርማንና ሆርስት ሪክ፣ ምዕራብ በርሊን ፍርድ ቤት ለምስክርነት የመጣች አንዲት ልጅ አገኙ። ክርስቲያኔ ትባላለች። የሁለት ሰዓት ቃለ መጠይቅ ነበር ያሰቡት። ልጅቷ ስታወራ ግን ሁለት ወር ሆነ። በቴፕ ቀዱት። ከዚያ "የባንሆፍ ዙ ልጆች" የተባለው መጽሐፍ ወጣ። ባንሆፍ ዙ የበርሊን ባቡር ጣቢያ ነው። ልጅቷ በአሥራ ሁለት ዓመቷ ሐሺሽ ጀመረች፣ ያውም ለወጣቶች ተብሎ በተከፈተ የቤተ ክርስቲያን መዝናኛ ማዕከል። በአሥራ ሦስት ዓመቷ ከዘፋኙ ዴቪድ ቦዊ ኮንሰርት በኋላ ሄሮይን በአፍንጫዋ ሳበች። በአሥራ አራት ዓመቷ መርፌ ላይ ደርሳለች። ለመርፌው የሚሆን ገንዘብ የምታገኘው እዚያ ጣቢያ ቆማ ገላዋን በመሸጥ ነው። አንዲት የቅርብ ጓደኛዋ በአሥራ አራት ዓመቷ ሞተች።

እኔን የያዘኝ ግን ሄሮይኑ አይደለም፣ የመጽሐፉ መጀመሪያ ነው። ቤተሰቡ ከገጠር መጥቶ ግሮፒዩስሽታት የሚባል አዲስ የፎቅ ሰፈር ይገባል። ረጃጅም ኮንክሪት ፎቆች ናቸው። ለሕፃናት የሚሆን ቦታ ጠፍቷል። ሣሩ ላይ ሰሌዳ ተተክሏል። መጫወት ክልክል ነው። ኳስ ክልክል ነው። ልጅ የሚያውቀው ነገር ሁሉ ክልክል ነው። ይሄን ሳነብ መጽሐፉን ዘጋሁና በመስኮት አየሁ። ከሠፈራችን ተነሥተን ኮንዶሚኒየም የገባን ሰዎች ስለሆንን ነገሩ አልጠፋኝም። እኔ ልጅ ሆኜ የተጫወትኩበት ሜዳ ዛሬ መኪና ማቆሚያ ነው። ወንድሜ ሜዳ አልደረሰበትም። የደረሰበት ደረጃ ሥር ያለው ጨለማ ጥግና ከታች የተከፈተው ጫት ቤት ነው።

ሁለተኛው ነገር እናትየዋ ናት። ይሄ መጽሐፍ ልጅቷን ብቻ አያናግርም። በመሀል በመሀል እናቷ በራሷ አንደበት ትናገራለች። ጠዋት ወጥታ ማታ የምትገባ ሠራተኛ ሴት ናት። ልጇ ስትከሳ ምክንያት አላት። ስትቆጣ ምክንያት አላት። አድራ ስትመጣ ምክንያት አላት። ሰነፍም ክፉም ሆና አይደለም። ልጇን ስለምታምን ነው። እኔ ይሄን ያነበብኩት ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት ላይ ነው። በግድግዳው ማዶ እናቴ ተኝታለች። ቡፌው ላይ የነበረው ክኒን ትዝ አለኝ።

ስለዚህ መጽሐፍ አንድ የሚያሳስበኝ ነገር አለ፣ ልደብቃችሁ አልችልም። መጽሐፉ በጀርመን እጅግ ብዙ ተነበበ፣ በየትምህርት ቤቱም ገባ፣ በ1981 ፊልም ሆነ። ብዙ ወጣቶች ግን ጣቢያውን ለማየት ወደ በርሊን ጎረፉ። ልጅቷን እንደ ጀግና ያዩዋት ነበሩ። እሷ ራሷ ከሱሱ ሙሉ በሙሉ አልተላቀቀችም። በ2013 ባወጣችው ሁለተኛ መጽሐፍ ስለዚያ ረጅም ዘመን ትናገራለች፣ ስለ ጉበት ሕመሟም፣ ስለ ልጇም። እንግዲህ የመጀመሪያውን ለወጣት የሚሰጥ ሰው ስለ ሁለተኛውም ይንገረው። ለብቻው ክፍል ዘግቶ እንዲያነበውም አልመክርም። እዚህ ክበባችን ውስጥ ጮክ ብለን በየተራ ነው ያነበብነው። አንዱ ያነባል፣ ሌላው ወደ አማርኛ ይመልሳል። ከባድ ቦታ ላይ ስንደርስ ቆም እንላለን። አንድ ሕግ አለን። ማንም ማንንም "አንተስ?" ብሎ አይጠይቅም። ስለ ክርስቲያኔ እናወራለን። ሰው ስለ ክርስቲያኔ እያወራ ስለራሱ ብዙ ይናገራል።

ወደ ሦስተኛው ልለፍ። ይሄ አጭር ነው፣ የሩሲያዊው የሚካኤል ቡልጋኮቭ ልብ ወለድ ነው። "ሞርፊን" ይባላል። በ1927 ነው የወጣው። አንድ ወጣት ሐኪም ገጠር ሆስፒታል ተመድቦ ይሠራል። በረዶ ነው፣ ብቸኝነት ነው፣ የሚወዳት ሴት ትታዋለች። አንድ ሌሊት ሆዱን ያመዋል፣ አዋላጇ ሞርፊን ትወጋዋለች። ሕመሙ ተወው። ብቸኝነቱም አብሮ ተወው። ከዚያ በማስታወሻው ላይ መጻፍ ይጀምራል። ዛሬ ይሄን ያህል፣ ነገ ይሄን ያህል። ማቆም እችላለሁ ይላል። ቀን ይቆጥራል። መሀል ላይ ሃያ ያህል ገጽ ከደብተሩ ተቆርጦ ወጥቷል ይለናል ደራሲው። እዚያ ምን እንደነበረ አናውቅም። መጨረሻው ሞት ነው።

ቡልጋኮቭ ይሄን ከአየር ላይ አልዘገነውም። ራሱ ሐኪም ነበር። በ1916 ስሞለንስክ አውራጃ ውስጥ ኒኮልስኮዬ የምትባል የገጠር መንደር ተመድቧል። ዲፍቴሪያ የሚባል የጉሮሮ በሽታ የያዘው ሕፃን ሲያክም በሽታው እንዳይዘው ብሎ መከላከያ ይወጋል። መድኃኒቱ አልስማማ አለው፣ ሰውነቱ አበጠ፣ አሳከከው። ለዚያ ማስታገሻ ሞርፊን ወሰደ። አንዴ፣ ደግሞ አንዴ። ከሱሱ ያወጣችው የመጀመሪያ ሚስቱ ታቲያና ላፓ ናት። ኪየቭ ከገቡ በኋላ ሳትነግረው ሞርፊኑን በተጣራ ውኃ ታቀጥነው ጀመር። ዛሬ ጥቂት ውኃ፣ ነገ ትንሽ ጨመር አድርጋ። ቀስ በቀስ የሚወጋው ውኃ ብቻ ሆነ። ሰውዬው ተላቀቀ። ኋላ የዓለም ሕዝብ የሚያነበውን ሁሉ የጻፈው ከዚያ በኋላ ነው። የታቲያናን ስም ግን ስንት ሰው ያውቀዋል? እኔ ስለ ቡልጋኮቭ ባወራሁ ቁጥር የሷን ስም ሳልጠራ አላልፍም።

ይሄን መጽሐፍ ለወንድሜ ስሰጠው ብዙ አልጠበቅኩም። የመቶ ዓመት መጽሐፍ ነው፣ ያውም የሩሲያ። በሁለት ቀን ጨረሰው። ማታ ኩሽና መጥቶ ሽንኩርት ስከትፍ አጠገቤ ቆመ።

"ይሄ ሰውዬ ይቆጥራል" አለኝ።

"ምኑን?" አልኩት።

"ሁሉንም። እኔም እቆጥራለሁ። አንቺ ልጁ ይዝናናል ብለሽ ታስቢያለሽ። እኔ ሙሉ ቀን ሒሳብ ላይ ነኝ። ስንት ቀረኝ፣ እስከ ስንት ሰዓት ታቆየኛለች፣ ለነገ ትበቃለች ወይ፣ ካልበቃች ማን ጋ እሄዳለሁ። ክፍል ውስጥ መምህሩ ሲያወራ እኔ ኪሴን በጣቴ እየነካሁ እቆጥራለሁ።"

ቢላዋውን አስቀመጥኩ። እስከዚያች ማታ ድረስ እኔና ወንድሜ ስለዚህ ነገር ያወራነው በጩኸት ነበር። እኔ እጮሃለሁ፣ እሱ በር ይዘጋል። በዚያች ማታ ግን ስለ ሩሲያዊው ሐኪም እያወራን ሌሊቱ ተጋመሰ። ገጾቹ ለምን ተቆረጡ ብዬ ጠየቅኩት። "የሚያሳፍረው እዚያ ላይ ነው የነበረው" አለኝ። ከዚያ የራሱን የተቆረጡ ገጾች ነገረኝ። እነሱን እዚህ አልናገርም፣ የሱ ናቸው።

በሳምንቱ ሐኪም ዘንድ አብረን ሄድን። ወላጆች፣ ይሄን ልብ በሉልኝ። ትራማዶል ለረጅም ጊዜ የወሰደን ልጅ ቤት ቆልፋችሁ በአንድ ቀን ለማስቆም አትሞክሩ። በድንገት ማቆም ሰውነትን ክፉኛ ያናውጣል። ብዙ መውሰዱም እንደሚጥል በሽታ ያንቀጠቅጣል። መጠኑን እየቀነሰ የሚያወጣው ሐኪም ነው። ታቲያናም ቢሆን ያደረገችው መቀነስ ነው።

አራተኛው ሁለት መጽሐፍ ነው፣ ግን አንድ ቤት። ዴቪድ ሼፍ የሚባል አሜሪካዊ ጋዜጠኛ በ2008 "ቢዩቲፉል ቦይ" የሚል መጽሐፍ ስለ ልጁ ጻፈ። በዚያው ዓመት ልጁ ኒክ የራሱን "ትዊክ" አወጣ። ክሪስታል የሚባለው ኃይለኛ አነቃቂ ዕፅ፣ ሜታምፌታሚን ነው ልጁን የያዘው። አባትየው ሁሉን ያነበበ፣ የተማረ፣ ልጁን የሚወድ ሰው ነው። ግን ልጁ ትንሽ ወንድሙ ያጠራቀመውን ሣንቲም ሳይቀር ሰረቀ። አባትየው በጭንቀት መሀል አንጎሉ ውስጥ ደም ፈሰሰ። ሆስፒታል ሲነቃ የገዛ ስሙ ጠፍቶበት ነበር። ኒክ የሚባል ልጅ እንዳለውና ችግር ላይ እንዳለ ግን አልረሳም።

ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጣችሁ ስታነቡ አንድ ሌሊት ሁለት ሌሊት ይሆናል። አባት መስኮት ላይ ቆሞ የመኪና ድምፅ ይጠብቃል። ልጁ በዚያው ሰዓት የት እንደነበረ ደግሞ በሱ መጽሐፍ ላይ አለ። እኛ ቤትም እንደዚያ ነው። እናቴ የውሻ ጩኸት ስትሰማ ብድግ ትል ነበር፣ መጣ ብላ።

የአባትየው መጽሐፍ ውስጥ ከአል-አኖን የተወሰደ አንድ አባባል አለ። አል-አኖን የጠጪ ቤተሰቦች የሚረዳዱበት ማኅበር ነው። አባባሉ፦ አንተ አላመጣኸውም፣ ልትቆጣጠረው አትችልም፣ ልትፈውሰው አትችልም የሚል ነው። የመጀመሪያውን ለእናቴ ስነግራት ዓይኗ እንባ ሞላ። ስንት ወር "እኔ ነኝ ያጎረስኩት" ስትል ነበር። ሦስተኛውን ግን እኔ እንደነሱ ልቀበለው አልቻልኩም። እኛ አንድ ጣሪያ ሥር ነው የምንተኛው። ልፈውሰው አልችልም ብዬ ወዴት ዞር እላለሁ? ፈውሱ የኔ እንዳልሆነ ገብቶኛል። አብሮ መቀመጡ ግን የኔ ነው።

ኬሚካሉ ከየት መጣ የሚለውን የሚጽፉ መጻሕፍትም አሉ። በነሱ ላይ ብዙ አልቆይም። በ1996 ፐርዱ የሚባል የአሜሪካ መድኃኒት አምራች ኦክሲኮንቲን የተባለ ማስታገሻ አወጣ። ሱስ የማስያዝ ዕድሉ ትንሽ ነው እያለ ለሐኪሞች ሸጠው። በ2007ም በ2020ም ኩባንያው ፍርድ ቤት ጥፋተኛ ነኝ ብሏል። ከዚያ ሄሮይን፣ ከዚያ ከሄሮይን ኃምሳ እጥፍ የሚበረታው ፌንታኒል የሚባል ሰው ሠራሽ ማስታገሻ ተከተለ። በ2021 አሜሪካ ውስጥ ከመጠን በላይ በመውሰድ የሞቱት ከመቶ ሺህ በላይ ናቸው። እኛን የሚነካን በሁለት በኩል ነው። አንደኛው፣ "ከፋርማሲ የመጣ ነገር ጉዳት የለውም" የሚለው የእናቴ ሐሳብ የሷ ብቻ እንዳልሆነ ያሳያል። ሁለተኛው፣ እዚያ ዘመድ አለን። አሜሪካ ያለች አክስቴ ጎረቤት አንድ የኛው ልጅ ሞተ። ለቅሶ ላይ "ድንገተኛ ሕመም ነው" ተባለ። ሁሉም ሰው ያውቃል፣ ማንም አይናገርም። እዚያ ያላችሁ ዘመዶቻችሁ ጋር ስትደውሉ አንድ ነገር ንገሯቸው። ናሎክሶን የሚባል አፍንጫ ውስጥ የሚረጭ መድኃኒት አለ። በኦፒዮይድ፣ ማለትም በሞርፊን፣ በሄሮይንና በፌንታኒል ዓይነት ነገር፣ ትንፋሹ የቆመን ሰው ሊመልስ ይችላል። ከ2023 ጀምሮ እዚያ ያለ ሐኪም ትእዛዝ ይሸጣል። ልጅ ያለበት ቤት ይኑር። ማፈሪያ ነገር አይደለም።

አሁን የሚቆጨኝን ልናገር። ይሄን ሁሉ መጽሐፍ ሳነብ በአንዳቸውም ውስጥ ያላገኘኋቸው ቃላት አሉ። ሐራራ የሚለውን ቃል አላገኘሁም። ምርቃና የለም። ጨብሲ የለም። ዱካክ የለም። ዱካክን የማታውቁ እናቶች ካላችሁ፣ ጫት የቃመ ሰው ሌሊት እንቅልፍ ሲወስደው የሚመጣበት አስፈሪ ሕልም ነው፣ ደረት ላይ የሚቀመጥ። ጫት ሳያገኝ ሲቀርም ይብስበታል። ማስቲሽ የሚስበው የጎዳና ልጅ በነዚያ መጻሕፍት ውስጥ የለም። በርጫው ላይ የሚፈሰው ወሬ፣ ለውዙ፣ ከሰሉ፣ ያ ሁሉ የሚገነባው ፎቅ፣ ማግስቱ ላይ አንድም ጡብ የማይገኝለት፣ እሱ የለም። የኛ ልጅ በርሊን ያለችውን ልጅ ያዝንላታል፣ ራሱን ግን በራሱ ቋንቋ አላነበበም።

ስለዚህ ካለፈው ጥቅምት ጀምሮ ክበባችን ደብተር ያዘ። ሰማያዊ ባለ ኃምሳ ሉክ ደብተር፣ ከሱቅ የምትገዙት። ስም አይጻፍበትም። የፈለገ ይጽፋል፣ የፈለገ ያነባል። አንድ ልጅ ሦስት ገጽ ሙሉ ስለ አንድ ደረጃ ጽፏል። ጫት ቤቱ የሚገባበት ደረጃ ነው። ስምንት እርከን አለው። ሲወርድ የማይከብደው፣ ሲወጣ እንዴት እንደሚከብደው ነው የጻፈው። ሌላዋ ስለ እህቷ ጌጥ ጻፈች፣ ማን እንደወሰደው እያወቀች ዝም ስላለችበት ቀን። እኔ እንደ መምህር ብዙ ድርሰት አርሜያለሁ። በነዚህ ደብተሮች ላይ ቀይ እስክሪብቶ ማንሳት አልደፈርኩም።

ወንድሜ ካቆመ ዛሬ ሰባት ወሩ ነው። ከዚያ በፊት ሁለት ጊዜ ተመልሶበታል። ሁለተኛው ላይ እኔ ተስፋ ቆርጬ ነበር። እሱ ነው "የሩሲያዊው ሚስትም እኮ ያን ቀን ብትተወው" ያለኝ። እዚህ አዳራሽ ውስጥ አለ፣ የት እንደተቀመጠ አልነግራችሁም።

አንድ ነገር ልንገራችሁና ቡናው ይቅረብ። ባለፈው ወር እሑድ ከሰዓት እናቴ ቡና አፍልታ ነበር። ሁለተኛው ላይ ወንድሜ የበርሊኑን መጽሐፍ ይዞ መጣና አጠገቧ ተቀመጠ። "እማዬ፣ የእናትየዋን ላንብብልሽ" አላት። እሱ በእንግሊዝኛ ያያል፣ በአማርኛ ይነግራታል። ቀስ ብሎ፣ ቃል እየፈለገ። ሥራ የምትውለዋን፣ ልጇን የምታምነዋን፣ ምክንያት የምትሰጠዋን ሴት ነገራት። እናቴ ስኒውን በእጇ እንደያዘች ቀረች። ቡናው ቀዘቀዘ። ጨርሶ መጽሐፉን ሊዘጋ ሲል እጇን ገጹ ላይ አሳረፈችበት።

"ቆይ" አለችው። "አላወቅኩም ነበር ያለችበትን ድገምልኝ።"

ደገመላት።